ባዶ መሬት እያየን ቤት ለምን ይወደድብናል? ስለ ዘንዘልማው 150 ካሬ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መምህር ነኝ። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከተደራጀን ስድስት ዓመት አለፈ፤ መሬት ግን አልተሰጠንም። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል። በሌላ በኩል ከሐይቁ ዳር ጀምሮ እስከ አባይ ማዶ ባዶ መሬት አያለሁ። በሐይቁ ዳርቻ ቤት እንዳይሠራ የሚለው ክልከላ ቢነሳ፣ ፎቅም በየቦታው ቢፈቀድ ቤት አይረክስም ወይ? አሁን ደግሞ አንድ ደላላ ከከተማው ወጣ ብሎ በዘንዘልማ በኩል ከአርሶ አደር የሚገዛ 150 ካሬ አምጥቶልኛል። ጎረቤቶቼ ‹ግዛው፣ ኋላ ሕጋዊ ይሆናል› ይሉኛል። ልግዛ?»

አይግዙ። የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ የመለስኩት ቀብዱ ከእጅዎ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ለምን እንደማይገዙ በደንብ የሚገባዎት ግን ከዚያ በፊት ያነሷቸው ሁለት ግምቶች ሲስተካከሉ ነው። አንዱ ዳርቻው ቢለቀቅ ቤት ይረክሳል የሚለው ነው። ሌላው ዓይን ያየው ባዶ መሬት ሁሉ የቤት መሬት ነው የሚለው ነው።

ከሐይቁ እንጀምር። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንደ ምጣድ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ዳሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃው በቁመት አንድ ክንድ ሲጨምር ወደ ጎን የሚሄደው ብዙ ነው። በሰኔ መግቢያ ከብት የሚግጥበት ሜዳ በመስከረም ታንኳ ሲገባበት አይተው ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹም ሐይቁም ሞልተው በፎገራና በደምቢያ ያን ያህል ሰው ከቤቱ የተፈናቀለው መሬቱ ሜዳማ በመሆኑ ነው። እርስዎ ባዶ ያሉት የዳርቻ መሬት በየዓመቱ ለጥቂት ወራት የሐይቁ ነው።

ፍሳሹም አለ። ባሕር ዳር የመጸዳጃ ቤት ፍሳሿን በአብዛኛው የምታጠራቅመው በየግቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ከሐይቁ አጠገብ ደግሞ ብዙ ሳይቆፈር ውኃ የሚፈልቅበት ቦታ ሞልቷል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ፍሳሽ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ይህን ቆሻሻ ያለ ክፍያ የሚያጣራልን ደንገሉና ረግረጉ ነው። ዳርቻውን በቤት ስንሞላው ማጣሪያው ይጠፋል፣ የሚጣራው ደግሞ ይበዛል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያስቸገረን እምቦጭ አረም የሚፋፋው በዚህ ዓይነት ፍሳሽና ከእርሻ ታጥቦ በሚመጣ ማዳበሪያ ነው። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ፣ አድርጎ ሲመዘግበው ዳርቻውን ጨምሮ ነው።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ዳርቻው ተለቀቀ እንበል። ማን ያገኘዋል? የከተማ ቦታ በመርህ ደረጃ የሚተላለፈው በሊዝ ጨረታ ነው። ሐይቅ ፊት ለፊት ያለ ቦታ ጨረታ ላይ ሲወጣ የሚያሸንፈው ለሆቴልና ለመዝናኛ የሚፈልገው ሰው ነው፤ የመምህር ደመወዝ ከእሱ ጋር አይወዳደርም። የዳርቻው ጨረታ ዋጋ ደግሞ ከኋላ ላለው ሠፈር መለኪያ ይሆናል፤ ባለ ቤቱም አከራዩም ያንን ሰምቶ ዋጋውን ያነሳል። ስለዚህ ክልከላው ቢነሳ ሐይቁን አጥተን ኪራዩ ባለበት ይቀጥላል፤ ምናልባትም ይጨምራል። ክልከላው እንከን የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ወሰኑ መሬት ላይ በግልጽ ባልተተከለበት ቦታ አንዱ ሹም የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል፤ ደሃው ይፈርስበታል፣ አቅም ያለው ያጥራል። ክልከላው ይቆይ፤ ወሰኑ ግን በድንጋይ ይተከል፣ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ቤቱን የሚያስወድደው ታዲያ ምንድን ነው? ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ከዚያ በኋላ የወጡት የሊዝ አዋጆች፣ በተለይ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን እንዲሰጥ አደረጉ፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። እዚህ ላይ መሬት የመንግሥት መሆኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ለእርስዎ ኪራይ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ አዲስ የቤት ቦታ የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ በር በዓመት የሚወጣው ከሚፈለገው ሲያንስ ያለው ቦታ ሁሉ ይወደዳል።

በሩ የጠበበበትን ምክንያት አንዳንዱ ሰው የሹሞች ክፋት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለረጅም ጊዜ በፕላን ሥራ ላይ ስለኖርኩ ውስጡን አውቀዋለሁ። አባይ ማዶ የሚያዩት መሬት አብዛኛው የአርሶ አደር ይዞታ ነው። ከፊሉ በፕላን ለተቋም፣ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘ ነው። ከፊሉ ለባለሀብት ተሰጥቶ ታጥሮ የቆመ ነው። የአርሶ አደር መሬት የቤት ቦታ እስኪሆን ካሳ ይከፈልበታል፣ ይሸነሸናል፣ መንገድ ይወጣለታል፣ ውኃና መብራት ይደርሰዋል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በቋሚነት ለሚነሳ አርሶ አደር ከሚከፈሉት ክፍያዎች አንዱ ብቻ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ለአርሶ አደሩ ይህም የሚበዛበት አይደለም። ግን ከተማው ይህን ከፍሎ መሬቱን የሚረከበው ከሊዙ አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ ነው። የቅድሚያ ገንዘብ የሌለው ከተማ መሬት የሚያወጣው በቁንጥር ነው። ማኅበርዎ ስድስት ዓመት የጠበቀበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የምነግርዎት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ያንን በስንት መከራ የወጣ መሬት እንዴት እንደምንበላው ይመልከቱ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን መመሪያ ከዚህ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይደለደላል። ለቤት የሚቀረው 4,000 ካሬ ነው። በ200 ካሬ ከተሸነሸነ 20 አባወራ ያስተናግዳል፤ በ150 ካሬ 26፤ በ100 ካሬ 40። በዚያው 4,000 ካሬ ላይ ግማሹን ብቻ ይዞ ጂ+3 (ከምድር ቤቱ ጋር አራት ወለል ያለው) የጋራ ሕንፃ ቢሠራ የወለሉ ስፋት 8,000 ካሬ ይሆናል። ለደረጃ፣ ለመተላለፊያና ለግድግዳ አንድ አምስተኛውን ቀንሱለት፤ ባለ 64 ካሬ 100 ቤት ይወጣዋል። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ማእድ ቤትና መጸዳጃ ያለው ማለት ነው። እንደ እርስዎ ላሉ 500 ቤተሰቦች በ200 ካሬ ሽንሸና 25 ሄክታር ያስፈልጋል፤ በጋራ ሕንፃ 5 ሄክታር ይበቃል። ካሳው፣ መንገዱ፣ የውኃ ቧንቧው ሁሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 20 ሄክታሩም ጤፍና በቆሎ ማብቀሉን ይቀጥላል። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ አጥር፣ አንድ በር የሚለው ልማዳችን ያስከፈለን ይህንን ነው። የሁላችንም ልማድ ስለሆነ በማንም ላይ አልፈርድም፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ባለ ግቢ ውስጥ ነው።

የሽንሸና መጠን ዋጋን እንደሚነካ ከሌላ አገርም የታየ ነገር አለ። በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 በመሐል ከተማው ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የቦታ መጠን ከ465 ካሬ ገደማ ወደ 130 ካሬ ገደማ አወረደ። ቀድሞ አንድ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ጠባብ ባለ ፎቅ ቤት መሥራት ተቻለ፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች በአሥር ሺዎች ተሠሩ። የኒውዚላንዷ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመኖሪያ ሠፈሮቿ በአብዛኞቹ ላይ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች፤ የግንባታ ፈቃድ ቁጥሩ በግልጽ ጨመረ፣ ኪራይም ሊደርስበት ይችል ከነበረው ዝቅ አለ። ሁለቱም ግን የተዘረጋ ፍሳሽ መስመርና ብድር የሚሰጥ ባንክ ያላቸው ከተሞች ናቸው። እኛ ጋ ሕጉን ብቻ ብንገለብጠው ያንኑ ውጤት አናገኝም።

ወደ ፎቅ ጥያቄዎ የሚያመጣን ይኸው ነው። ፎቅ መፍቀድና ፎቅ መሠራት የተለያዩ ናቸው። በ150 ካሬ ላይ ከጎረቤት ወሰን የሚተወው ተትቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ጂ+4 ለመሥራት ሲሚንቶውና ፌሮው የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ዋልካ አፈርና ቅርብ የሆነ የከርሰ ምድር ውኃ ያለበት ቦታ ላይ መሠረቱ ብቻውን ያደክማል። የብዙ ቤተሰብ ፍሳሽን ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ አይችለውም። በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ያለው የከፍታ ገደብም ለሰው ሕይወት ሲባል የተደነገገ ነውና የሚነካ አይደለም። እንዲያውም በከተሞቻችን ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ተቃራኒው ደንብ ነው፦ በዋና መንገድ ዳር «ከዚህ ፎቅ በታች አትሠራም» የሚለው። ጡረታ የወጣ ባለ ይዞታ ጂ+4 አቅሙ አይችልም፤ ጂ+1 ደግሞ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ምንም አይሠራም። ወይም የሊዝ ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ መብቱን እንደልቡ ማስተላለፍ ስለማይችል ኮለን አቁሞ ይተዋል። ፌሮው በዝናብ ዝጎ የቆመ ኮለን በከተማችን መንገድ ዳር ያላየ የለም። ይህ የማስተላለፍ ገደብ የወጣው መሬት ይዞ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቀውን ለመከላከል ነበር፤ ሐሳቡም ልክ ነው። ገንዘብ ያለቀበትንና የሚያተርፍበትን ግን አይለይም።

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬ ደሃውንም መምህሩንም እያኖረ ያለው ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ውስጡ ነዎት። ሰርቪስ ቤት ነው። ሽምብጥ አካባቢ በቅርቡ የለካሁትን አንድ ግቢ ልንገርዎት። ቦታው 300 ካሬ ነው። ፊት ለፊት የባለቤቶቹ ቤት አለ፤ ከኋላ በአጥሩ ተጠግተው የተሠሩ ሰባት ክፍሎች፣ ሰባት በሮች። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ አላቸው፤ ከቆርቆሮው ሥር በተዘረጋው ገመድ ላይ የሰባት ቤት ልብስ ተሰጥቷል። ከሰል ምድጃው በየበሩ ነው። መጸዳጃ ጉድጓዱ ከውኃ መያዣው ሮቶ በአምስት እርምጃ ይርቃል። እነዚህ ሰባት ክፍሎች በግንባታ ፈቃዱ ላይ የሉም። ከተማው ሕገ ወጥ ብሎ ቢያፈርሳቸው ሰባት ቤተሰብ ሌላ ክፍል ፍለጋ ይወጣል፤ በዚያ ወር የሠፈሩ ኪራይ ይጨምራል። እንዳላየ ሲያልፋቸው ደግሞ ፍሳሹና እሳቱ ያስፈራል። የእኔ ሐሳብ ደንቡ እነዚህን ክፍሎች በስማቸው እንዲያውቃቸው ነው፦ በግቢ ውስጥ የኪራይ ክፍል መሥራት ይፈቀድ፤ ለዚህን ያህል ቤተሰብ ይህን ያህል መጸዳጃ፣ በትክክል የተገነባ ሴፕቲክ ታንክ፣ ከአጥር ይህን ያህል ርቀት ይባል። አዲስ መሬት አይፈልግም፣ ካሳ አይፈልግም። ከሁሉም ቶሎ ቤት የሚጨምረው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

የኪራይ ቁጥጥሩን አልጠየቁኝም፣ ግን ሰው ሁሉ ስለሚያነሳው አንድ ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም በዘፈቀደ እንዳይሆን ደንግጓል። ተከራይቶ ላለ ሰው መከታ ነው፤ ውልዎን በጽሑፍ ያድርጉ። አንድም ክፍል ግን አይጨምርም።

አሁን ወደ ዘንዘልማው 150 ካሬ። ሦስት ነገሮች ይመልከቱ።

አንደኛ፣ የሚሸጥልዎት ነገር በሕግ የሚሸጥ አይደለም። አርሶ አደሩ የመጠቀም መብት አለው፤ ማከራየት፣ ማውረስ፣ መስጠት ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም። ስለዚህ ደላላው ሽያጭ የሚል ወረቀት አያጽፍልዎትም፤ የብድር ውል፣ የኪራይ ውል ወይም ስጦታ ብሎ ያጽፋል። ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅዎ ያለው ወረቀት የሚናገረው ያላደረጉትን ነገር ነው። ውሉ ፈራሽ ሲባል ገንዘቡ ይመለስ ቢባል እንኳ ያ ገንዘብ ወይ ለሠርግ ወይ ለባጃጅ መግዣ ውሏል።

ሁለተኛ፣ «ኋላ ሕጋዊ ይሆናል» የሚለው። ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ሕጋዊ የተደረገበት ጊዜ ነበር፤ ጎረቤቶችዎ ከምንም ተነስተው አላወሩም። ነገር ግን መሥፈርቱ ቦታው ከከተማው ፕላንና ከሽንሸናው ጋር መጣጣሙ ነው። ቅድም ያየነውን ድልድል ያስታውሱ። ፕላኑ ዘንዘልማ ሲደርስ ከመሬቱ 60 በመቶው መንገድ፣ አረንጓዴና የጋራ ቦታ ሊሆን ነው። ፕላን ሳይኖር በእርምጃ ተለክቶ የተተከለ ችካል የቤት ብሎክ ላይ ከሚያርፍ ይልቅ ከዚያ ውጭ የማረፉ ዕድል ይበልጣል። ካሳ የሚከፈል ቢሆን እንኳ መዝገብ ላይ ያለው ባለ ይዞታ አርሶ አደሩ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ መብራት ገባ ማለት ሕጋዊ ሆነ ማለት አይደለም። ቆጣሪ በስምዎ ቢኖርም የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን የምለው የአክስቴን ልጅ አይቼ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ገዛ፣ ቆጣሪ አስገባ፣ ሁለት ክፍል ብሎኬት አቆመ። ችካሉ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር፤ ደላላው በራሱ እርምጃ ነበር የለካለት። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ቦታ ቀድሞ የገዛ ሌላ ሰው መጣ፤ ሁለቱም የየራሳቸው የውል ወረቀት ነበራቸው። ሲከራከሩ ቤቱ በመንገድ መስመር ላይ ነው ተብሎ ፈረሰ። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባው ነበር። ዛሬም እንደ እርስዎ ተከራይ ነው።

እርስዎ ማድረግ የሚገባዎት ይህ ነው። ማኅበሩን አይልቀቁ። ስምዎ በከተማው መዝገብ ላይ መኖሩን፣ የማኅበሩ ቁጠባም በዝግ ሂሳብ መቀመጡን በራስዎ ሄደው ያረጋግጡ፤ ሊቀ መንበሩ ነገረኝ ማለት አይበቃም። ከዚያ አባላቱን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ለእያንዳንዳችን ቦታ ከምትሰጡን ይልቅ በአነስተኛ ቦታ ላይ ጂ+3 የጋራ ሕንፃ እንሥራ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ አባል የየራሱን ቤት በስሙ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ሦስት ሄክታር የሚጠይቅ ማኅበርና ከአንድ ሄክታር በታች የሚጠይቅ ማኅበር በካሳ ገንዘብ ለተቸገረ ከተማ እኩል አይደሉም። ተራው እንደሚያጥር ዋስትና ልሰጥዎት አልችልም፤ ከአባላቱም ግቢ ካልሆነ የሚሉ ይኖራሉ። ስሌቱን ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩት፤ ብዙዎቹ ይለሳለሳሉ።

ለደላላው ሊሰጡት የነበረው ገንዘብ በእጅዎ ካለና መጠበቅ ካልቻሉ፣ ካርታ ያለው ነባር ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ከወንድም ወይም ከእህት ጋር ተጋርተው መግዛትን ያስቡ፤ አነስተኛም ቢሆን። ከመፈረምዎ በፊት እግድና የባንክ ዕዳ እንደሌለበት፣ የሊዝ ውዝፍ እንደሌለበት፣ በፕላኑ ላይም ለመንገድ እንዳልተያዘ ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለደላላው ቀብድ ሰጥተው ከሆነም፣ የነበሩትን ምስክሮች ይዘው በዚህ ሳምንት ይመልስልዎት ይበሉት። «በብድር ስም እንጻፈው» ካለዎት አይፈርሙ።